አስቀድሞ ተቀምጦ መቍጠር፤ በልክ ገንዘብ የጨዋታ ኮምፒዩተር ስለ መግጠም

ጌታችን በወንጌል ግንብ ሊሠራ የወደደውን ሰው ምሳሌ አድርጎ ያስተማረው ትምህርት ለማንኛችንም እንግዳ አይደለም። ትምህርቱ ስለ ደቀ መዝሙርነት የተነገረ ነው፤ ይሁን እንጂ ምሳሌው ከዕለት ኑሮ የተወሰደ ስለ ሆነ ለዕለት ኑሮም ይተርፋል። ያ ሰው የተነቀፈው ግንብ በመውደዱ ሳይሆን ሳይቈጥር በመጀመሩ ነው።

ዛሬ የምንነጋገርበት ግንብ ከድንጋይ የሚሠራ አይደለም። ከጠረጴዛ ሥር የሚቀመጥ፥ ከሰባት ወይም ከስምንት ክፍል የሚገጣጠም የጨዋታ ኮምፒዩተር ነው። ከአንባቢዎቻችን አንዳንዶቹ «በቤተ ክርስቲያን መጽሔት ስለ ጨዋታ መሣሪያ መጻፍ ምን ይባላል?» ሳይሉን አይቀሩም። መልሳችን አጭር ነው። ጥያቄው የመጣው ከምእመናን ቤት ነው፤ የሚወጣውም ገንዘብ የቤት ገንዘብ ነው። ልጆቻችን ይህን ነገር ሲጠይቁን እኛ የማናውቅ ከሆንን፥ ሻጩ ብቻ መካሪያቸው ይሆናል።

ባለፈው ዓመት ዐቢይ ጾም ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት አንድ የምናውቃቸው አባት የታጠፈ ወረቀት ይዘው ወደ እኛ መጡ። እኚህ ሰው በአዲስ አበባ የሚኖሩ፥ በደመወዝ የሚተዳደሩ የሦስት ልጆች አባት ናቸው። በዚያ ወር እቁብ ወጥቶላቸው ነበር። የእቁቡ ገንዘብ ግን ሁለት ጌታ ነበረው። በአንድ በኩል የቤታቸው ጣራ ቆርቆሮ ዝጎ ስለ ነበር ክረምት ሳይገባ መለወጥ ነበረበት፤ በሌላ በኩል የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጃቸው ሁለት ዓመት ሙሉ ሲለምን የኖረው የጨዋታ ኮምፒዩተር አለ። ለትንሣኤ በዓል ከአሜሪካ የሚመጣው አጎቱም ትንንሾቹን ዕቃዎች በሻንጣው ይዞ ለመምጣት ቃል ገብቶ ነበር። ወረቀቱ ልጁ የጻፈው የዕቃ ዝርዝር ነው።

«እኔ ከዚህ ዝርዝር የማውቀው ድምሩን ብቻ ነው፤ ድምሩም ከጣራው ይበልጣል። አይሆንም ስለው ምክንያቱን ማስረዳት አለብኝ፤ እሺ ካልሁትም እንደዚሁ» አሉን አባትየው።

እኛም ልጁ ራሱ ይምጣ አልን። በማግሥቱ አባትና ልጅ በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው ዝርዝሩን ከኛ ጋራ እየሠረዙና እየጻፉ አመሹ። በዚያ ምሽት የተነጋገርነው ለሌሎች ቤተሰቦችም ይጠቅማል ብለን ስለ አመንን ከዚህ ቀጥለን እንጽፈዋለን።

ጥማዱ ካልተመጣጠነ

የልጁ ዝርዝር በብዙ ወጣቶች ዘንድ የሚታየውን ስሕተት የያዘ ነበር። ሣጥኑ ጐኑ መስታወት የሆነና ባለ ቀለም መብራት የሚያበራ ነው። ፕሮሰሰሩ ባለ ስምንት ኮር፥ ማዘርቦርዱም ከውዶቹ አንዱ ነው። ለግራፊክስ ካርዱ የተረፈው ገንዘብ ግን ጥቂት ነበር። ፓወር ሰፕላይ የሚባለው፥ ለመሣሪያው ሁሉ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ክፍል ደግሞ የሠሪው ስም እንኳ ያልተጻፈለት፥ ከተገኘው ሁሉ የረከሰው ነበር።

ነገሩን ለአባትየው ያስረዳናቸው በሚያውቁት በበሬ ጥማድ ነው። በጨዋታ ጊዜ ኮምፒዩተሩ ሁለት ታላላቅ ሥራዎችን ይሠራል። ፕሮሰሰሩ ኳሱ ወዴት እንደ ሄደ፥ ተጫዋቹ ምን እንዳደረገ፥ ማን ከማን ጋራ እንደ ተጋጨ ያሰላል። ግራፊክስ ካርዱ ደግሞ ፕሮሰሰሩ ያሰላውን ተቀብሎ በስክሪኑ ላይ ይሥላል። አንደኛው በሬ ብርቱ፥ ሁለተኛው ደካማ ቢሆን ማረሻው የሚሄደው በደካማው እርምጃ ነው። ለብርቱው በሬ የተከፈለው ትርፍ ገንዘብ በከንቱ ይቀራል። በጨዋታ ኮምፒዩተር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከባዱ ሸክም የሚወድቀው በግራፊክስ ካርዱ ላይ ነው። የልጁ ዝርዝር ግን ብርታቱን ሁሉ ለፕሮሰሰሩ ሰጥቶ ሥዕሉን ለደካማው ትቶት ነበር።

ከስክሪኑ መጀመር

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «የትኛው ካርድ ይሻላል?» የሚል መሆን የለበትም። «በየትኛው ስክሪን፥ ምን ዓይነት ጨዋታ እንጫወታለን?» የሚለው መቅደም አለበት። ስክሪን በነጥቦች የተሞላ ሰሌዳ ነው። የተለመደው ስክሪን በወርዱ 1,920፥ በቁመቱ 1,080 ነጥብ አለው፤ ሁለቱ ሲባዙ 2,073,600 ይሆናሉ። ከዚህ የሚበልጠው 2,560 በ1,440 ሲሆን 3,686,400 ነጥብ ይይዛል። አራት ኬ የሚሉት ደግሞ 3,840 በ2,160 ነውና 8,294,400 ነጥብ አለው፤ ይኸውም ከመጀመሪያው አራት እጥፍ ነው። ሥዕሉ ሳይቈራረጥ እንዲታይ በሰከንድ 60 ጊዜ መሣል አለበት። ለአንዱ ሥዕል የሚደርሰው ጊዜ እንግዲህ 16.7 ሚሊ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። የነጥቡ ብዛት አራት እጥፍ በሆነ ጊዜ የካርዱ ድካም ምን ያህል እንደሚጨምር ከዚህ መገመት ይቻላል።

ቈጥቦ ለሚገዛ ቤተሰብ የምንመክረው የመጀመሪያውን ስክሪን፥ 1,920 በ1,080 የሆነውን ነው። ልጁ የሚወዳቸውን ጨዋታዎች ብንጠይቀው ከእግር ኳሱ ሌላ ካውንተር ስትራይክ 2 እና ቫሎራንት ናቸው አለን። ሁለቱም ያለ ክፍያ የሚገኙ፥ በመጠነኛ መሣሪያም የሚሠሩ ናቸው። ለእነዚህ ብሎ ባለ ስምንት ኮር ፕሮሰሰር መግዛት፥ አባቶች እንደሚሉት፥ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ገንዘቡን ማከፋፈል

የዕቃ ዋጋ ዛሬና ነገ አንድ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2022 ድረስ ግራፊክስ ካርድ በዓለም ገበያ ከተወሰነለት ዋጋ እጅግ በላይ ይሸጥ ነበር። ከምክንያቶቹም አንዱ በካርዶቹ ዲጂታል ገንዘብ የሚያመርቱ ሰዎች መብዛታቸው ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ በካርድ መመረቱን ሲያቆም አያሌ ካርዶች ወደ አሮጌ ዕቃ ገበያ ወጡ። እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ ደግሞ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ ታላላቅ ማዕከሎች ራም ስለ ተሻሙ የራም ዋጋ ወደ ላይ ወጣ። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፥ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ጊዜ ከ100 ብር አልፏል። ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ይህን ተከትሎ ተወዷል።

ስለዚህ በብር ቍጥር ፈንታ የምንሰጠው ምክር በመቶኛ ነው፤ መቶኛው ከብሩ ይልቅ ይቈያል። ለሣጥኑና በውስጡ ላለው የተመደበው ገንዘብ መቶ ቢሆን፥ 38 ለግራፊክስ ካርድ፥ 18 ለፕሮሰሰር፥ 12 ለማዘርቦርድ፥ 10 ለራም፥ 9 ለማከማቻው ለኤስ.ኤስ.ዲ.፥ 8 ለፓወር ሰፕላይ፥ 5 ለሣጥኑ ቢደረግ መልካም ሚዛን ነው። ራም በተወደደበት ጊዜ የራሙ ድርሻ ከፍ ማለቱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ከካርዱ ይቀነሳል እንጂ ከፓወር ሰፕላዩ አይቀነስም።

ወላጆች ከሁሉ በፊት ልብ እንዲሉት የምንፈልገው ግን ከዚህ መቶ ውጭ ያለውን ነው። ስክሪኑ፥ የፊደል ገበታው፥ ማውሱ፥ የጆሮ ማዳመጫውና የኤሌክትሪክ ማረጋጊያው ስታቢላይዘር በልጁ ዝርዝር ላይ አልነበሩም። መሠረቱ ተጥሎ መደምደሚያው የሚያቅተው በእንዲህ ዓይነቱ መርሳት ነው።

ፕሮሰሰሩና ማዘርቦርዱ

ፕሮሰሰርን በተመለከተ ቈጥቦ ለሚገዛ ሰው ባለ ስድስት ኮር ይበቃል። ኤ.ኤም.ዲ. እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2022 በ199 ዶላር ለገበያ ያቀረበው ራይዘን 5 5600፥ ኢንቴልም በዚያው ዓመት በጥር ያወጣው ኮር አይ 5 12400ኤፍ ለዚህ ሥራ የታወቁ ናቸው። ሁለቱም ስድስት ኮር አላቸው፤ በካርቶን ሲሸጡም ማቀዝቀዣቸው አብሮ ይመጣል። ሆኖም ሁለቱም በውስጣቸው የሥዕል ክፍል የላቸውም። ያለ ግራፊክስ ካርድ ቢገጠሙ ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ ይቀራል። በኢንቴል ፕሮሰሰሮች ስም መጨረሻ ላይ ያለችው «ኤፍ» የምትነግረን ይህንኑ ነው።

በአንጻሩ ራይዘን 5 5600ጂ የሚባለው፥ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2021 በ259 ዶላር ለሕዝብ የቀረበው፥ የሥዕል ክፍል በውስጡ አለው። ካርድ ሳይገዛለትም ቀላል ጨዋታዎችን በመጠነኛ የሥዕል ጥራት ያጫውታል። ኋላ ካርድ በተጨመረለት ጊዜ ከ5600 ጥቂት ያንሳል፤ ልዩነቱ ግን ለእንዲህ ያለ ቤት የሚያሳስብ አይደለም።

ማዘርቦርድ ሲመረጥ ሦስት ነገር ይጠየቃል። የፕሮሰሰሩን መቀመጫ ይቀበላልን? የራሙን ዓይነት ይቀበላልን? ከሣጥኑ ስፋት ጋራ ይስማማልን? ከላይ የጠቀስናቸው ሁለቱ ራይዘኖች ኤ.ኤም. 4 በሚባለው መቀመጫ የሚቀመጡና ዲ.ዲ.አር. 4 ራም የሚጠቀሙ ናቸው። አዲሱ ኤ.ኤም. 5 ዲ.ዲ.አር. 5 ብቻ ይቀበላል። ቢ 450 የሚባለው የቆየ ማዘርቦርድ ርካሽ ቢሆንም፥ ውስጣዊ ፕሮግራሙ ባዮስ ካልታደሰ እነዚህን ፕሮሰሰሮች ላያውቃቸው ይችላል። ከመግዛት በፊት ባለሱቁን «ባዮሱ ታድሷልን?» ብሎ መጠየቅ አያስነውርም።

ራሙና ማከማቻው

ራም 16 ጊጋባይት ይበቃል። ነገር ግን ባለ 16 አንዱን ከመግዛት ባለ 8 ሁለት ቢገዛ ይሻላል፤ ሁለቱ ጐን ለጐን ሲሠሩ መንገዱ እጥፍ ይሰፋልና ነው። ከፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው የሥዕል ክፍል የራሱ ማኅደር ስለሌለው የሚበደረው ከዚሁ ራም ነው። ስለዚህ እንደ 5600ጂ ባለ መሣሪያ ላይ የሁለቱ ራሞች ጥቅም በግልጥ ይታያል።

ለማከማቻው ኤስ.ኤስ.ዲ. ይመረጥ። የድሮው ተሽከርካሪ ሀርድ ዲስክ በሰከንድ 150 ሜጋባይት ገደማ ሲያነብ፥ ሳታ የሚባለው ኤስ.ኤስ.ዲ. 550 ያህል፥ ኤን.ቪ.ኤም.ኢ. የሚባለው ደግሞ 3,000 እና ከዚያ በላይ ያነባል። ለጨዋታ ከሳታ ወደ ኤን.ቪ.ኤም.ኢ. ያለው ልዩነት ቍጥሩ እንደሚያስመስለው ታላቅ አይደለም፤ ከሀርድ ዲስክ ወደ ኤስ.ኤስ.ዲ. ያለው ግን የምሽትና የቀን ያህል ነው። ስፋቱን በተመለከተ አንዳንድ ጨዋታ ብቻውን ከ100 ጊጋባይት ይበልጣል። ኢንተርኔቱ በሰከንድ 4 ሜጋቢት በሆነበት ቤት 100 ጊጋባይት ለማውረድ ከ55 ሰዓት በላይ ይወስዳል። ቦታ ጠብቦ ዛሬ የሠረዙትን ጨዋታ ነገ እንደገና ማውረድ ለእንዲህ ያለው ቤት ከባድ ነውና፥ ከ500 ጊጋባይት ይልቅ አንድ ቴራባይት መግዛት ኋላ ያስመሰግናል።

ስለ ፓወር ሰፕላይ የራሳችን ጥፋት

በዚህ ነገር ላይ ጠንከር ብለን የምንናገረው በራሳችን ቤት ስለ ደረሰ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአሜሪካ የመጣልንን ርካሽ ፓወር ሰፕላይ ገጥመን ከግድግዳው ሶኬት ሰካነው። ከበስተኋላው ትንሽ ቀይ ማብሪያ የሚመስል ነገር ነበረች፤ 115 ወደሚለው ቍጥር እንደ ዞረች ልብ አላልንም። የአገራችን መብራት 220 ቮልት ነው። ዕቃው ጮኾ ጢስ ተፋ፤ ማዘርቦርዱንም አብሮ ይዞት ሄደ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፥ የሁለት ደቂቃ ንባብ የሁለት ወር ቍጠባ አስከፈለን። በጊዜያችን ያሉት ደኅና ፓወር ሰፕላዮች ከ100 እስከ 240 ቮልት ራሳቸው ለይተው ይቀበላሉ። ዘመድ ከአሜሪካ ሲያመጣ በዕቃው ጐን ላይ ይህ ቍጥር መጻፉን ያረጋግጥ።

ከዚህም በቀር 80 ፕላስ የሚለው ምልክት ብዙዎችን ያሳስታል። ምልክቱ የሚመሰክረው ከግድግዳው ከተወሰደው ኤሌክትሪክ ምን ያህሉ ሳይባክን ለሥራ እንደሚውል ነው፤ ስለ ዕቃው ጥንካሬ ሁሉ የሚመሰክር አይደለም። ስለዚህ ስሙ የታወቀ ሠሪና ረዘም ያለ ዋስትና መፈለግ ይገባል።

መጠኑም ቢሆን መጋነን አያስፈልገውም። ራይዘን 5 5600 በ65 ዋት የተመደበ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 የወጣው ራዲዮን አር.ኤክስ. 6600 ካርድ 132 ዋት ይወስዳል፤ ሠሪውም ለእርሱ ቢያንስ 450 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይመክራል። ባለ 550 ዋት ደኅና ዕቃ ለእንዲህ ያለው መሣሪያ ይበቃዋል፤ ለነገም ጥቂት ቦታ ይተዋል። መብራት ብቅ ጥልቅ በሚልበት ሠፈር ደግሞ ስታቢላይዘር የቅንጦት ዕቃ ተደርጎ መታየት የለበትም።

ግራፊክስ ካርዱ፥ አዲስና አሮጌ

ካርድ ሲመረጥ ማኅደሩ ቢያንስ 8 ጊጋባይት ይሁን። ከላይ ከጠቀስነው ከአር.ኤክስ. 6600 ሌላ፥ ኤንቪድያ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 በ299 ዶላር ያወጣው አር.ቲ.ኤክስ. 4060 8 ጊጋባይት ይዞ 115 ዋት ብቻ ይፈልጋል። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 በ249 ዶላር ያወጣው አርክ ቢ 580 ደግሞ 12 ጊጋባይት አለው፤ ነገር ግን በቆዩ ማዘርቦርዶች ላይ ኃይሉ ስለሚቀንስ ለአሮጌ ኮምፒዩተር አይመከርም። እነዚህ ዋጋዎች በወጡበት ቀን በአሜሪካ የነበሩ ናቸው። ገዢው በእጁ የሚይዛቸው ሻጩ ከልክ እንዳያሳልፍበት ለመመዘን ነው።

ገንዘቡ ከዚህም ለሚያንስበት ቤት ሌላ መንገድ አለ። ከመሥሪያ ቤቶች የሚወጡ ያገለገሉ ኮምፒዩተሮች በየከተማው ይሸጣሉ። የእነዚህ ፓወር ሰፕላይ አነስተኛ ስለ ሆነ፥ ተጨማሪ ገመድ የማይፈልግና ከማዘርቦርዱ መሰኪያ ብቻ እስከ 75 ዋት የሚወስድ ካርድ ይገባላቸዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ጂ.ቲ.ኤክስ. 1650 አንዱ ነው፤ በመደዳው ተጨማሪ ገመድ የሚጠይቁም ስላሉ የካርዱን መሰኪያ ማየት ይገባል። ቀጭን ሣጥን ከሆነ ቁመቱ ያጠረውን ካርድ መፈለግ ነው። ዳሩ ግን ዊንዶውስ 10 እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በኢንቴል በኩል በጥቅሉ ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ ያለውን ፕሮሰሰር ይጠይቃል። ከዚያ በፊት የነበረውን መሣሪያ የሚገዛ ሰው ይህን አውቆ ይግዛ።

ያገለገለ ካርድ መግዛት ነውር የለበትም፤ ሳይፈትኑ መግዛት ግን ሞኝነት ነው። የድሮ ካርድ ውስጣዊ ስሙ ተለውጦ በአዲስ ካርድ ስም የሚሸጥበት ጊዜ አለ። ጂ.ፒ.ዩ. ዚ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም እንዲህ ያለውን ማታለል ብዙ ጊዜ ያጋልጣል። ከዚህም ሌላ ካርዱ በሱቁ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ከባድ ጨዋታ ይጫወትበት፤ በስክሪኑ ላይ እንግዳ መሥመር ወይም ነጠብጣብ ቢታይ፥ ማራገቢያውም ቢንቋቋ፥ አመስግኖ መውጣት ነው።

ስለ አየርና ስለ አቧራ

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር አንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሣሣ ማራገቢያ ሙቀትን የማስወገድ ኃይሉ ይቀንሳል። የከተማይቱ ቅዝቃዜ ይህን በመጠኑ ይክሰዋል፤ አቧራው ግን ምንም የሚክሰው የለም። ስለዚህ በመስታወት የታፈነውን ሣጥን ትቶ ፊቱ ወንፊት የሆነውን፥ ሁለት ማራገቢያ ያለውንና ማጣሪያው የሚወልቀውን መምረጥ ይገባል። በወር አንድ ቀን ማጣሪያውን ማጠብ የልጁ ሥራ ይሁን።

ያለ ገንዘብ የሚገኝ ብርታት

መሣሪያው ከተገጠመ በኋላ ብዙ ቤተሰብ የከፈለበትን ኃይል ሳያገኝ ይቀራል። ሦስት ነገሮችን ማየት ይበቃል። የመጀመሪያው፥ የስክሪኑ ገመድ ካርድ ባለበት መሣሪያ ላይ መሰካት ያለበት ከካርዱ ላይ ነው፤ ከማዘርቦርዱ ላይ ቢሰካ ካርዱ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ሁለተኛው፥ ዲ.ዲ.አር. 4 ራም 3,200 ተብሎ ቢሸጥም በባዮስ ውስጥ ኤክስ.ኤም.ፒ. የሚባለው ካልተከፈተ በ2,133 ወይም በ2,666 ይሮጣል። ሦስተኛው፥ በሰከንድ 144 ሥዕል የሚያሳይ ስክሪን የገዛ ሰው በዊንዶውስ ውስጥ ካላስተካከለው በ60 ሊቀርበት ይችላል። እነዚህ ሁሉ አንድ ሳንቲም አያስወጡም።

የዚያ ቤት ፍጻሜ

ወደ ጀመርነው ታሪክ እንመለስ። በዚያ ምሽት ዝርዝሩ ሁለት ጊዜ ተሠርዞ ሁለት ጊዜ ተጻፈ። መስታወቱና መብራቱ ወጡ፤ ባለ ስምንት ኮሩም ወጣ። ያም ሆኖ ድምሩ ከጣራው ጋራ አብሮ አልሄደም። ልጁ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ወረቀቱን ሲመለከት ከቈየ በኋላ፥

«አባባ፤ ካርዱን ብናስቀረውስ? 5600ጂ ከተገዛ ያለ ካርድ ይሠራል። ፓወር ሰፕላዩ ግን ለኋላው ካርድ የሚበቃው ይሁን» አለ።

«ካርዱ መቼ ይገዛል?» አሉት አባትየው።

«አጎቴ በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጡ። እስከዚያ እኔም የበዓል ገንዘቤን አጠራቅማለሁ።»

አባትየው ወዲያው አልመለሱለትም። ወረቀቱን ተቀብለው ድምሩን በራሳቸው እጅ እንደገና ደመሩ፤ ከዚያም ከሥሩ የጣራውን ቆርቆሮ ዋጋ ጽፈው አንድ ላይ አሠሩበት። ገንዘቡ በቃ። የጨዋታው ሰዓትም በዚያው ወረቀት ጀርባ ተጻፈ። መሣሪያው በልጁ መኝታ ክፍል ሳይሆን በሳሎን ይቀመጣል፤ በትምህርት ቀን ከጥናት በኋላ አንድ ሰዓት፥ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንጂ ከቅዳሴ በፊት አይከፈትም፤ በጨዋታው ካርቶን ወይም በመሸጫው ገጽ ላይ ለ18 ዓመት የተባለ ጨዋታ አይገባም። ለዚህ የአውሮፓው ፔጂ 3፥ 7፥ 12፥ 16 እና 18 የሚሉ የዕድሜ ምልክቶች አሉት፤ ወላጅ እነዚህን ማንበብ ቢለምድ ብዙ ክርክር ይቀርለታል። አንድ ነገር ብቻ እኛ አስጨመርን፤ ስምምነቱን አባትም እንደ ልጁ ይፈርሙበት። ሕግ ያወጣ ሰው በድካም ወይም በቍጣ ቀን ሕጉን ራሱ እንዳይለውጠው ነው።

በትንሣኤ ሰሞን አጎትየው ፕሮሰሰሩን፥ ራሙን፥ ማከማቻውንና ባለ 550 ዋቱን ፓወር ሰፕላይ አመጡ። ማዘርቦርዱ፥ ሣጥኑና ስክሪኑ ከአዲስ አበባ ተገዙ። ልጁ ዕቃውን ከመንካቱ በፊት ከእጁ ያለውን የኤሌክትሪክ ንዝረት ለማስወገድ ያልተቀባ ብረት እየነካ፥ አባቱ የእጅ ባትሪ እያበሩለት፥ ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ሲገጥሙ ዋሉ። ከመሰካታቸው በፊት አባትየው ፓወር ሰፕላዩን ገልብጠው ከ100 እስከ 240 የሚለውን ቍጥር ጮኽ ብለው እንዳነበቡ ሰምተናል። ስምምነቱም ሁልጊዜ አልተጠበቀም፤ በመጀመሪያው ወር ልጁ ሌሊት ተነሥቶ ሲጫወት ተይዟል፤ ሳምንት ሙሉም መሣሪያው ተዘግቶ ቈይቷል። አባትየው ግን ገመዱን አልቈረጡም፤ ወረቀቱን አውጥተው ፊርማውን አሳዩት።

ሰኔ ገብቶ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በወረደ ቀን ወደዚያ ቤት ጐራ ብለን ነበር። በአዲሱ ቆርቆሮ ላይ ዝናቡ ሲወርድ ድምፁ ስለ በረታ መነጋገር እንኳ አዳጋች ነበር፤ ከወለሉ ላይ ግን አንድም ጠብታ አልነበረም። ልጁና ታናሽ እኅቱ በሳሎኑ እግር ኳስ ይጫወታሉ፤ ሥዕሉ ልጁ በመጀመሪያ እንዳሰበው የሚያንጸባርቅ አይደለም። በሣጥኑ ውስጥ የካርዱ ቦታ ባዶ ነው። ከስክሪኑ አጠገብ በግድግዳው ላይ አንዲት ወረቀት ተለጥፋለች፤ ልጁ እስካሁን ያጠራቀመውና ለካርዱ የሚቀረው በሁለት ዐምድ ተጽፎባታል።

እኛም ይህን ስናይ ስለ ግንቡ ሰው አሰብን። ይህ ግንብም ገና አላለቀም። ዳሩ ግን ሳይቈጥር ጀምሮ ባቃተው ሰው ግንብና፥ ቈጥሮ እስከሚችለው ድረስ ሠርቶ ቀሪውን በቀጠሮ ባስቀመጠ ሰው ግንብ መካከል ታላቅ ልዩነት አለ። በኋለኛው ግንብ ውስጥ ሰው ይኖርበታል፤ ጣራውም አያፈስም። እንዲህ ያለው ጥያቄ በቤታችሁ ቢነሣ፥ ውድ አንባቢዎቻችን፥ እሺም አይሆንምም ከማለታችሁ በፊት ከልጃችሁ ጋራ በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጣችሁ ቍጠሩ እንላለን። ልዑል እግዚአብሔር ቤታችሁን በሰላም ይጠብቅላችሁ፤ አሜን።